ምሰሶ ላይ የተሰቀለችው ስልክ

እህቴ ዶልጎር ከባሏ ጋር በምትኖርበት ሸለቆ ስልክ የሚሠራው ምሰሶ ላይ ሲሰቀል ብቻ ነው። ቀልዴን አይደለም። መሬት ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ስድስት ሜትር ያህል ወደ ላይ ሲወጣ ግን አንዲት ቀጭን መስመር ብቅ ትላለች። ስለዚህ የዶልጎር ባል ጋንሱክ ከሱፍ ድንኳናቸው ጀርባ ረጅም እንጨት ተከለ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ መዘውር አሰረና እንደ ባንዲራ ገመድ አስገባበት። ገመዱ ላይ የቆዳ ከረጢት፣ ከረጢቱ ውስጥ ስልክ። መደወል የፈለገ ሰው ታች ሆኖ ቁጥሩን ይነካል፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ ይከፍታል፣ ገመዱን ቶሎ ቶሎ ይስባል፣ ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ሰማይ ይጮኻል። ሲደወልላቸው ደግሞ ስልኩ በራሱ ጊዜ ያነሳል፤ የደዋዩም ድምፅ ከላይ እንደ ስብከት ይወርዳል።

ምስጢር አይታሰብም። ጋንሱክ እህቴን ለጋብቻ ሲጠይቃት እሷ እዚህ ኡላን ባታር ከእኛ ጋር ነበረች። "ዶልጎርዬ ናፍቀሽኛል!" ብሎ ወደ ላይ ሲጮኽ ከማዶ ያለው ጎረቤት "እሷም ናፍቃሃለች! ፈረሶቹን አስደነበርክብን፣ ግባና ተኛ!" ብሎ መለሰለት። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ስልኩን ከእህቴ ነጥቄ ስሰማ ነበር።

በዚያ አካባቢ ምሰሶ የሌለው ቤት የለም። ስልኩም ቀን እዚያው ይውላል፣ ሌሊት እዚያው ያድራል። ሰው ቢፈልገንስ ይላሉ። ስልክን ማውረድ እንግዳ ላይ በር ዘግቶ እንደ መተኛት ነው፤ ነውር ነው።

እኔ ኒንጂን እባላለሁ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ መምህሬ ግን እሱ ነው የተወሽ ትላለች። አሁን የምሠራው የእናቴ ታናሽ እህት በሆነችው በእትዬ ሃንዳ ሱቅ ነው። ሱቅ ስላችሁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ትንፋሽ የማያገኝባት የመስታወት ሳጥን ናት። ስልክ እንሸጣለን። አዲስ ሞዴል በትልልቆቹ አገሮች ሲወጣ ሰዉ በመጀመሪያው ቀን ሌሊት ተሰልፎ ያድራል፤ እኛ ጋ ግን በወጉ በአስመጪ በኩል ሲመጣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ስድስት ወር ያልፋል። የእትዬ ሃንዳ እንጀራ ያቺ የመሃል ጊዜ ናት። ሰዎቿ ከደቡብ ድንበር ማዶ በሻንጣቸው ያመጣሉ፣ እሷ ትሸጣለች፣ ትክክለኛው ሲመጣ ዝም ብላ ቀጣዩን ትጠብቃለች።

"ለምንድነው ግን እኛ ጋ የሚዘገየው?" ይላታል ገዢው ሁሉ። መልሷ አንድ ነው።

"ስንት ነን እኛ? ሦስት ሚሊዮን ተኩል! ይሄ ለነሱ የአንድ ሰፈር ሰው ነው። ሠርግ ቤት በር ላይ ለቆመ ማን ቶሎ ያነሳለታል? ውስጥ ያሉት ጠግበው ሲነሱ የተረፈው ይወጣል። እኔ ግን በጓሮ በር ገብቼ ትኩሱን አመጣሁልህ። ጥቁሩን ነው ነጩን?"

ጥቁሩን ይላል። ሁሉም ጥቁሩን ነው የሚሉት።

ችግሩ አባቴ ነው። አባቴ ሉብሳን ሹፌር ነው፤ የሚሠራው ደግሞ ስልኩን በወጉ ለሚያስመጣው ድርጅት ነው። አዲስ ሞዴል ከመሸጡ በፊት ኢንጂነር አሪዮና የምትባል መነጽራም ሴት አሥራ ሁለት ስልኮች በሣጥን ትጭንና በአባቴ አሮጌ የሩሲያ መኪና አገሩን ይዞራሉ። የት ድምፅ ይቆረጣል፣ የት ይሞቃል፣ የት ይጠፋል፣ ሁሉንም ትጽፋለች። እሷ ሳትፈርም ማኅተም የለም፣ ማኅተም ከሌለ ሽያጭ የለም። ስለዚህ በቤታችን በመዘግየቱ የምትበላ አክስትና የሚያዘገይ አባት አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ።

"እንዴት ከረምክ የስልክ ፍርድ ቤት?" ትለዋለች እትዬ ሃንዳ። "ፍርዱ መቼ ነው?"

"አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ፍርድ ሳይሰጥ እስረኛ የምታስወጪ።"

"እኔማ እስረኛ አላስወጣሁም፤ አምልጦ መጣ።"

ይሳሳቃሉ። እኔም እስቅ ነበር። በልቤ ግን ከእትዬ ሃንዳ ጋር ነበርኩ። ንቀት ነው እል ነበር፤ ትልልቆቹ ይንቁናል፣ የእኛዎቹ ደግሞ ወረቀት እያገላበጡ ንቀቱን ያስረዝሙታል።

በዚያ ዓመት ባለ ሦስት ዓይኗ ወጣች። ከኋላዋ ሦስት የካሜራ ዓይን አላት፣ ፊቷ ሙሉ መስታወት ነው፣ ቀጭን ናት። ገና ሳያት ለዶልጎር አልኩ። ዶልጎር እርጉዝ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ተወልዶ ሳያለቅስ ቀርቶባታል፤ የዚያን ጊዜ ሐኪም የደረሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ታስቦበታል። መውለጃዋ ሲቃረብ የወረዳው ከተማ ሄዳ ሐኪሟ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ይደውላሉ፣ አምቡላንስ ስልሳ ኪሎ ሜትሩን ይመጣል። ሁሉም ነገር ያቺ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ምሰሶዋ ላይ የነበረችው ደግሞ ወፍራም፣ ባለ ቁልፍ፣ ጀርባዋ በፕላስተር የተለጠፈ አሮጊት ስልክ ናት። እኔ ያሰብኩት ፎቶውን ነው። ልጁ ሲወለድ ፎቶውን በምን ትልክልኛለች?

"ውሰጃት" አለችኝ እትዬ ሃንዳ፣ "ከደሞዝሽ ላይ ቀስ እያልን እንተሳሰባለን። ግን አሮጊቷን በልዋጭ ታመጫለሽ። ገጠር የሚሄዱ ሹፌሮች እንደሷ ያለች ስልክ አጥተው ነው።"

የአዲስ ዓመታችን፣ የነጩ ወር በዓል ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ሄድኩ። ጋንሱክ ከአስፋልቱ ዳር በሞተር መጥቶ ወሰደኝ። ስደርስ ዶልጎር ሆዷን ይዛ ለበዓሉ ቡዝ፣ ሊጡን በሥጋ እየሞላች፣ እየጠቀለለች ነበር፤ ስምንት መቶ ጠቅልላለች፣ ውጪ ሣንቃ ላይ ተደርድሮ ድንጋይ ሆኗል። አማቷ እማማ ዱላም ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ኩበት ይጨምራሉ።

ስልኳን እንደ ወጉ በሁለት እጄ ሰጠኋት።

"ውይ ኒንጂን! ይሄማ መስታወት ነው። ፊቴን እያየሁ ላወራ ነው?"

"እንኳን ፊትሽን፣ አፍንጫሽ ውስጥ ያለውን ታሳይሻለች።"

"አንቺ ባለጌ።"

እማማ ዱላም ተቀብለው ገለባበጧት። "ሦስት ዓይን ምን ያደርግላታል?" አሉ። "እኔ በአንዱ ዓይኔ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ።"

ለመክፈቻ ጣት ማስገባት ነበረብን። የዶልጎርን ጣት እንቢ አለች፤ ወተት ማለብና አመድ ማፈስ ጣቷን ልጦታል። የጋንሱክን የቀኝ አውራ ጣት ሰባት ጊዜ ሞከርኩት። ጣት ነው ብላችሁ ነው? የዛፍ ሥር ነው። በስምንተኛው ተቀበለችው። ጋንሱክ እንደ ሕፃን ሳቀ፤ ሲያበራት ሲያጠፋት፣ ሲያበራት ሲያጠፋት ዋለ። ለክፉ ቀን ብዬ የቁጥር መክፈቻም አበጀሁላት፤ ልብ ብሎ የያዘው ሰው ግን አልነበረም።

"አሮጊቷስ?" አለ በኋላ።

"ከእኔ ጋር ትሄዳለች።"

"ለምን እዚህ አትቀርም? ለማንኛውም ብትኖር።"

"ምነው ጋንሱክ፣ ሁለት ሚስት ልታገባ ነው?"

ዶልጎር ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። አሮጊቷን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። እማማ ዱላም ብቻ አልሳቁም። "ያቺ እኮ ተፈትና የምትታወቅ ናት" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለምድጃው።

በማግሥቱ ስወጣ እማማ ዱላም ለመንገዴ ወተት በጭልፋ ረጩልኝ። ወተቱ መሬት ሳይደርስ ደርቆ እንደ ጠጠር ኮሽ አለ። ሞተሩ ላይ ከጋንሱክ ጀርባ ሆኜ ዞር ብዬ ሳይ፣ ለበዓሉ ከትምህርት ቤት የመጣው ትንሽ ወንድሙ በሱ ትእዛዝ ስልኳን እየሰቀላት ነው። ከረጢቱ ለአሮጊቷ ልክ የተሰፋ ስለሆነ አልያዛትም፤ ግማሿ ወደ ውጪ ወጥቷል። ሦስቱ ዓይኖች ሸለቆው እስኪጠፋ ድረስ እኔን እያዩኝ ወደ ላይ ወጡ።

አሮጊቷን በገባሁበት ቀን ሸጥናት። የከሰል መኪና ሹፌር ነው የገዛት፤ ፕላስተሯን እንኳን አላነሳንላትም።

ከወር በላይ መስክ የቆየው አባቴ የተመለሰው በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ቅንድቡ ላይ በረዶ ነበር። ጨው ያለውን የወተት ሻይ ቀዳሁለትና እንደ ልማዴ ነገር ፈለግኩት።

"እሺ አባዬ፣ ባለ ሦስት ዓይኗን መቼ ነው የምትፈቱልን? ሰዉ እኮ ሰለቸው።"

"አትፈታም።"

"ምን አጠፋች?"

"ምሰሶ ላይ ሰቀልናት" አለ።

ሻዩን አንድ ጊዜ ጠጣ። እኔ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ቀረ።

"እኔ ነኝ የነገርኳት ለአሪዮና። የኛ ሰው ስልኩን ምሰሶ ላይ ነው የሚያሳድረው አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ የከተማ ልጅ ናት። ከዚያ አስባበት ሰቀልናት። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት ነበር። ስልሳ ሁለት በመቶ ቻርጅ ነበራት፤ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ጥቁር አለች። አሥራ ሁለቱንም ሰቀልን፣ አሥራ ሁለቱም ሞቱ።"

"ሲሞቃቸው አይነሱም?"

"እሱ ነው የባሰው። ሙቀት ውስጥ ስታስገቢያት ያልባታል። የውሃ ጠብታ ሥዕል ታሳይሽና ቻርጀሩን አልቀበልም ትላለች። ግማሽ ቀን፣ አንዳንዷም ሙሉ ቀን። አሪዮና ለፋብሪካው ከወር በፊት ጻፈች። ምን ብለው መለሱ መሰለሽ? 'ስልክ ምሰሶ ላይ ለምን ይሰቀላል?' ፎቶ አንስታ ላከችላቸው። ከዚያ ጥያቄያችሁ ወረፋ ይዟል አሉ። ከፊታችን ያሉት አገሮች ትልልቅ ናቸው። ለኛ ብለው መሐንዲስ አያስነሱም፤ ተራችን ሲደርስ ያስተካክሉታል። እስከዚያ አንፈርምም።" ጽዋውን አስቀመጠ። "ሰዉ እኛን ይሰድባል። ይስደብ። ሳትመጣ ብትቀር ይሻላል ምሰሶ ላይ ከምትሞት።"

ከቤት ወጥቼ ደረጃው ላይ ደወልኩ። "የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም" አለችኝ ያቺ የተረጋጋች ሴትዮ። ደገምኩ። መልእክት ጻፍኩ፦ "ስልኳን አውርዱና ደረታችሁ ላይ ያዟት።" ቆየሁና ሌላ ጻፍኩ፦ "ዶልጎር ደህና ነሽ? መልሽልኝ።" በላይ ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ለበዓሉ የላክሁት አለ፦ "ፎቶ የታለ? ሰነፍ።" አንዱም አልደረሰም።

ለአባቴ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩትም። ይኼ ነው የኔ ነገር። መውለጃዋ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራል አልኩ። ነገ ትነሳለች አልኩ። ደክሞታል፣ ይተኛ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ፊቱን ፈራሁት። እትዬ ሃንዳ ሱቅ ሄጄ እስከ ማታ ለሰው ጥቁሩን ጥቁሩን ስሸጥ ዋልኩ። 

በማግሥቱ ጠዋት በሁሉም ሰው ስልክ ላይ የማስጠንቀቂያ መልእክት ገባ፤ እነዶልጎር ባሉበት በምሥራቅ ከባድ ንፋስና በረዶ፣ እንስሳትን አሰባስቡ፣ መንገድ አትውጡ። አባቴ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቆሜ ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

የጫማውን ማሰሪያ ለቀቀው። 

"አሮጊቷ የት አለች?"

"ተሸጠች።"

 ከዚያ ወደ ወረዳው ጤና ጣቢያ ደወለ፤ እኔ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ ሰማሁ። አዋላጇ እንቅልፍ ያጣ ድምፅ ነበራት። "ከዚያ ሸለቆ ማንም አልመጣም፣ የደወለም የለም። አምቡላንሷ ትናንት ማታ በሽተኛ ይዛ የክፍለ ሀገሩ ከተማ ሄዳለች፣ ስትመለስ እልክላቸዋለሁ" አለች።

"ማንም ካልመጣ ደህና ናቸው ማለት ነው" አልኩት።

አባቴ አየኝ። "ልበሺ" አለ።

የመሥሪያ ቤቱን መኪና ሳያስፈቅድ ነው የወሰደው። አሥራ ሁለቱ ስልኮች ከኋላ በሣጥናቸው ነበሩ፤ የሚያወርድበት ጊዜ አላገኘም። ከተማውን እስክንወጣ አልፎ አልፎ ሁሉም ባንዴ ያበሩና ይጮኻሉ፤ ሣጥኑ ውስጥ ሰዎች ያሉ ይመስላል። እየራቅን ስንሄድ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የመጨረሻዋ አስፋልቱን የለቀቅንበት ኮረብታ ላይ አንዴ ጢጥ ብላ አበቃች። ከዚያ ንፋሱ ብቻ።

ሰማዩና መሬቱ አንድ ሆኖ ነበር። አባቴ ፊቱን መስተዋቱ ላይ አስጠግቶ ይነዳል። አንድ ጊዜ ብቻ አፉን ከፈተ።

"ትናንት ስንት ሰዓት ነው የደወልሽላት?"

"ከምሳ በኋላ።"

ማርሹን ቀየረ።

የደረስነው ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ብርሃኑ ግራጫ ሲሆን ነው። መጀመሪያ የታየን ምሰሶው ነው። ከረጢቱ የለም። ባዶው ገመድ በንፋስ ምሰሶውን ይደበድበዋል፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከድንኳኑ ጭስ ይወጣል። በበሩ ፊት አንድ የሞተር ጎማ መስመር ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ግማሹን በረዶ ሞልቶታል። የመመለሻ መስመር የለም።

በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ዶልጎር አልጋ ላይ ናት፣ ደረቷ ላይ ጥቅልል ነገር አለ፣ ጥቅልሉ ያጉረመርማል። ሕይወት አለው! እማማ ዱላም በአንድ ዓይናቸው አዋልደዋል፤ እትብቱን በበግ መሸለቻ ቢላ ቆርጠው በቀይ ክር አስረውታል። በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ዶልጎር ግን እኔን አላየችኝም። አባቴን ነው ያየችው፣ ከአባቴም ኋላ ያለውን በር።

"ጋንሱክን አገኛችሁት? አብሯችሁ ነው አይደል?"

"መቼ ወጣ?" አለ አባቴ።

"ትናንት ከምሳ በኋላ።"

እማማ ዱላም ናቸው የነገሩን። ምጡ ትናንት ጠዋት ድንገት መጣ። ጋንሱክ ሮጦ ገመዱን ሳበ፤ በበዓሉ ሰሞን እንግዳው ሲቀባበላት ድንኳን ውስጥ የሰነበተችው ስልክ ያን ሌሊት ምሰሶው ላይ አድራለች፣ ጥቁር ናት። ምድጃው አጠገብ አስቀመጣት፣ አላባት። ቻርጀሩን ከፀሐይ ባትሪው ላይ ሰካላት፣ የውሃ ጠብታ አሳየችው። በልብሱ ጠረጋት፣ እፍ አለባት፣ ለመናት። ጎረቤቱ ከብቶቹን ይዞ ከኮረብታው ኋላ ወርዷል። ትንሹ ወንድሙም ከበዓሉ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሷል። የሞተው የመጀመሪያ ልጅ በሁለቱም ዓይን ላይ ነበር። "ከምሳ በኋላ በሞተሩ ወጣ" አሉ። "ሕፃኑ እሱ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ትንሽ ቢታገሥ..." ምድጃው ላይ ኩበት ጨመሩ።

ከምሳ በኋላ። ትናንት ያን ጊዜ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር። የዚያን ሰዓት ለአባቴ ብነግረው፣ አባቴ ለአዋላጇ ቢደውል፣ አምቡላንሷ ገና ከወረዳው አልወጣችም ነበር። ከወዲያ ሲመጡ መንገድ ላይ ያገኙት ነበር። ንፋሱም ገና አልጀመረም።

አባቴ ጓንቱን አጠለቀ። "የጎማውን መስመር ተከትዬ እሄዳለሁ። አንቺ እዚህ ሁኚ።"

መኪናው ሲነሳ ነው ከእማማ ዱላም ሣጥን ላይ ሙዚቃ የተሰማው። ደስ የሚል ሙዚቃ፣ የልደት ዓይነት። ሁላችንም ደነገጥን። ስልኳ ናት። ደርቃ ኖሮ ቻርጀሩን ተቀብላ በራሷ ተነሳች። ሦስት ዓይኗን ወደ ታች ደፍታ፣ ፊቷ ላይ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ጽፋ። ስልሳ አንድ ቻርጅ አላት።

ዶልጎር አይታት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የቁጥሩን መክፈቻ የማውቀው እኔ ነኝ። ብርዱ ላይ ያላት አሥራ ስምንት ደቂቃ ብቻ እንደሆነም አውቃለሁ። ስልኳን በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ፣ ምድጃው ላይ የነበረ ትኩስ ጠጠር በጨርቅ ቋጥሬ ጎኗ ከተትኩና ወጣሁ። ንፋሱ ሊጥለኝ ነበር። የጤና ጣቢያውን ቁጥር ነክቼ ገመዱን ሳብኩ። ጫፍ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የሰማሁት ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ነው፤ የኔ መልእክቶች ናቸው፣ አሁን ደረሱ። ፎቶ የታለ፣ ሰነፍ። ከዚያ የአዋላጇ ድምፅ ከሰማይ መጣ።

"ሃሎ? ማን ነው?"

"ጋንሱክ ጠፍቷል!" ብዬ ጮኽኩ። "በሞተር ወደናንተ ወጥቷል! ትናንት! ከወዲያ ፈልጉት!"

"አይሰማም! ማን ጠፋ?"

ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ደጋገምኩት። "ጋንሱክ!" እያልኩ፣ እሱ ድሮ "ዶልጎርዬ" ይልበት በነበረው ቦታ ቆሜ። "ገባኝ፣ ሰዎች እየወጡ ነው" ስትል ሰማኋት፤ ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። አወረድኳት። ጥቁር ብላለች።

አባቴና የወረዳው ሰዎች ሊጨልም ሲል ከሁለት ወገን ተገናኙበት። ከኮረብታው መተላለፊያ በታች፣ የተጋደመ ሞተሩን ንፋስ መከላከያ አድርጎ ተኮራምቶ ነበር። የቤንዚኑ ቱቦ በረዶ ሆኖበት ሊፈታው የቀኝ ጓንቱን አውልቋል፤ ጓንቱን ንፋስ ወስዶታል። ይተነፍስ ነበር። ሲያነሱት የጠየቀው አንድ ነገር ነው አለኝ አባቴ፦ "አለቀሰ ወይ ልጁ?"

ቀኝ እጁን ክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ውስጥ ቆረጡለት። ሙሉውን አይደለም። ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው ተርፈውለታል።

ባለ ሦስት ዓይኗ በግንቦት በወጉ ወጣች። ከፋብሪካው መልስ መጥቶ፣ የውስጧ ነገር ተስተካክሎ፣ አሪዮና ሰቅላ ፈትሻ፣ ፈርማ። ግድግዳው ሁሉ በፎቶዋ ተሞላ። ሣጥኑ ውስጥ በቋንቋችን የተጻፈ ትንሽ ወረቀት አለ፤ ከዚህ ቀደም በሌላ መንገድ የገባ ስልክ በከባድ ብርድ ውጪ አይደር ይላል። የከተማ ልጆች እያነበቡ ይስቃሉ። "ስልክ ውጪ የሚያሳድር ማን ነው?"

"ግን ለምንድነው እኛ ጋ እንዲህ የሚዘገየው?" አለ አንድ ገዢ ያን ሰሞን። እትዬ ሃንዳ አፏን ከፈተችና እኔን አየችኝ። "እንጃ" አለችው።

ጋንሱክ የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። ደረጃውን ሲወጣ ከሩቅ አየሁት። ቀኝ እጁ ልብሱ እጅጌ ውስጥ ነው። ልጁ ወፍራም ነው አለኝ፣ ጮኸ ማለት ሸለቆው ይሰማል አለኝ። የዚያ ቤት ሰው ማንም ወቅሶኝ አያውቅም።

"አሮጊቷን አገኛት ይሆን ብዬ ነበር" አለ።

"ተሸጣለች ጋንሱክ። ሹፌሩን ፈልጌው ነበር፣ አጣሁት።"

"እሺ።" ከብብቱ ባለ ሦስት ዓይኗን አውጥቶ በግራ እጁ መስታወቱ ላይ አስቀመጣት። "እንግዲያው ይቺን አስተካክይልኝ። በከፈትኳት ቁጥር አውራ ጣትህን አምጣ ትለኛለች። ጠዋትም ማታም። ዶልጎር ስትሰማ አትወድም። አውጪልኝ።"

ወሰድኳት። ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። የሱን አውራ ጣት ያስገባሁ ቀን ለቀልድ ስም ሰጥቼው ነበር፣ ረስቼዋለሁ፦ "የዛፍ ሥር"። ነካሁት። ስልኳ ጠየቀችኝ።

"የዛፍ ሥር ይሰረዝ?"

ቀና ብዬ ሳየው የግራ አውራ ጣቱን ዘርግቶ እየጠበቀኝ ነው፣ በሱ ቦታ እንዳስገባለት። እሱም ተሰነጣጥቋል። ገና ብርዱ አምስት ወር ይቀረዋል፣ ምሰሶውም እዚያው ቆሟል።

አዎ የሚለውን ነካሁ።